ከምቀኝነት በፊት ያለው ፍርሃት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሰው የሥራ ባልደረባውን ስለሚጎዳበት ምክንያት ለመጻፍ ካሰብሁ ዓመት አልፎኛል። የዘገየሁት የምጠቅሰው አጥቼ አይደለም። ጽሑፉ ስለ ሌሎች ሰዎች ሆኖ ይጀምርና ገና ጥቂት ሳይሄድ ወደ ራሴ ስለሚመለስብኝ ነው።

በጉባኤያችን ይህ ጥያቄ ሲነሣ መልሱ አስቀድሞ የተዘጋጀ ነው፤ «ምቀኝነት ነው» እንላለን። አንዳንዱ «ዘር ቈጥረው ነው» ይላል፤ ሌላው «በማዕተቤ ምክንያት ነው» ይላል። ወላይታ ውስጥ እኛ ኦርቶዶክሳውያን በቍጥር አናሳ ስለሆንን ይህ የመጨረሻው መልስ ወደ አፋችን ይቀርባል። በእምነቱ ምክንያት በሥራ ቦታ የሚገፋ ሰው የለም ለማለት አልደፍርም፤ አለ። ነገር ግን መልሱ አንድ ነገር ይሸፍንብናል፤ እኛ ራሳችን የምንገፋቸውን ሰዎች። «ምቀኝነት» የሚለው ቃልም ቢሆን በልማዳችን ስለቱ ደንዝዟል። እንዲያውም «ምቀኛ አታሳጣኝ» እያልን የምንጸልይ ሰዎች ነን! ምቀኛ ያለው ሰው የሚመቀኙበት ነገር አለው ማለት ነውና የባልንጀራን ጥላቻ እንደ ጌጥ እናጠልቀዋለን። ቃሉ የበሽታውን ስም ይነግረን ይሆናል፤ ትናንት ቡና አብረው የጠጡ ሰዎች ዛሬ ለምን እንደሚነካከሱ ግን አይነግረንም።

በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ለዩኒቨርሲቲ ትምህርቴ የተግባር ልምምድ ሶዶ ከተማ ወደሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ገባሁ፤ ስሙን አልጠራውም። በተመደብሁበት ክፍል ስድስት ሠራተኞች ነበሩ፤ ፍቅራቸው የሚያስቀና ነበር። ረፋድ ላይ ቡና በተራ ያስፈላሉ፤ ዕቁብ አላቸው፤ በመስከረም ለሚውለው ለጊፋታ ሰንጋ ለመግዛት ዓመቱን ሙሉ በጋራ ሲቈጥቡ ከርመዋል። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ እንደ መሆኑ የተጣላ ሳይታረቅ ወደ አዲሱ ዓመት እንዳይሻገር የሚደረግበት በዓል ነው፤ ይህን የምጠቅሰው በኋላ ለሚመጣው ነገር ስለሚያስፈልግ ነው።

መዝገብ ቤቱን የሚይዙት በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ ሴት ነበሩ። በእምነታቸው ፕሮቴስታንት ናቸው። እኔን ግን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ «ዲያቆን» ነበር የሚሉኝ። ረቡዕና ዓርብ ሌላው በረፋዱ ቡናና ቂጣ ሲቋደስ «እርሱን ተዉት፣ ሰዓቱ አልደረሰም» እያሉ የሚከላከሉልኝ እርሳቸው ነበሩ።

ከዚያ ወሬ መጣ። አዲስ መዋቅር ሊወጣ ነው፣ ከስድስቱ መደብ ሁለቱ ሊታጠፉ ነው ተባለ። ከየት እንደ መጣ የሚያውቅ አልነበረም። የክፍሉ ኃላፊ ሲጠየቁ «እስኪ እናያለን» ይሉ ነበር፤ እውነት ነው ወይም ሐሰት ነው አላሉም። በዚያ «እስኪ እናያለን» ውስጥ ስድስት ሰዎች ሁለቱን ሰው መፈለግ ጀመሩ።

መጀመሪያ የጠፋው ሳቅ ነው። መዝገብ ቤቷ ሴት ሲገቡ ወሬ ይቋረጣል። የቡናው ተራ ሳይነገራቸው ተለወጠ። አንድ ፋይል ጠፋ ተብሎ ሁለት ሳምንት ሲፈለግ ከሌላ ሰው መሳቢያ ተገኘ፤ መጥፋቱን ሁሉ ሲሰማ መገኘቱን የነገራቸው ግን አልነበረም። ኮምፒውተር ላይ ቀስ ስለሚሉ ቅጽል ስም ወጣላቸው። እያንዳንዱ ነገር ብቻውን ሲታይ ኢምንት ነው፤ ለአለቃ ቢነገር «ይህም ጉዳይ ሆኖ ነው?» ያሰኛል። ሰውን የሚሰብረው የነገሩ መደጋገም ነው።

የዚህ ሁሉ አንቀሳቃሽ የእኛው ምእመን ነበር። በየወሩ በሃያ አንድ የእመቤታችንን ማኅበር የሚጠጣ፣ ችግረኛ ሲያይ እጁ የማይታጠፍ፣ ለእኔም ለመጓጓዣ እያለ ብር በኪሴ የሚከት ሰው ነው። ሦስት ልጆች አሉት፤ ቤቱ የኪራይ ነው፤ የትምህርት ማስረጃው ዲፕሎማ ሲሆን አዲሱ መደብ ዲግሪ ይጠይቃል ተብሎ ተወርቷል። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ቆመን «እኔ ከዚህ ብወጣ የት እገባለሁ?» አለኝ። ለማን እንደሚናገር የረሳ ይመስል ነበር። በዚያች ቅጽበት በፊቱ ላይ ክፋት ፈልጌ አላገኘሁም። የነበረው ፍርሃት ነው።

ይህን ፍርሃት ደግሞ ከባዶ ሜዳ አላመጣውም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ቢሮዎቹ በስድስት ከተሞች ተከፋፈሉ፤ ሶዶ የክልሉ አስፈጻሚ አካል መቀመጫ ሆነች። በቀድሞው ክልል መዋቅር ሲሠራ የኖረ ሠራተኛ አዲስ ድልድል ጠበቀው። ቀጥሎ በ2016 ዓ.ም. በወላይታ ዞን መምህራንና ሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዛቸው ለወራት እየዘገየ የተቸገሩበት ጊዜ መጣ። ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ በዚያ ወቅት በቤታችሁ የሆነውን ታውቃላችሁ፤ ከሱቅ በዱቤ የተበላ ሽሮ፣ ለልጅ ደብተር የተበደሩት ብር። የራበው ሰው ባልንጀራውን መጉዳት ይፈቀድለታል እያልሁ አይደለም። ነገር ግን መዋቅር በተባለ ቍጥር ሆዱ የሚባባን ሰው «ምቀኛ» ብለን ብቻ ስናልፈው መድኃኒቱን አብረን እንጥላለን።

ቋንቋችንን እንኳ ብንሰማው ሥራን «እንጀራ» እንለዋለን። ሰውን ከሥራው ማስወጣት «የእንጀራ ገመዱን መበጠስ» ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ደግሞ መሥሪያ ቤትን እንደ አንድ ገበታ አድርጎ ይሥለዋል፤ ገበታው የተወሰነ ነው፣ ተራው ያልፋል፣ ጎንህ የተቀመጠው የሚጎርሰው ካንተ ድርሻ ነው። እንዲህ በሚታሰብበት ገበታ ላይ የባልደረባ ትጋት ራሱ ስድብ ይሆናል፤ ስሕተቱ ደግሞ የምሥራች።

በክፍል የተማርሁት አንድ ነገር እዚህ ላይ ይረዳኛል። ሃይንዝ ሌይማን የተባለ፣ በስዊድን ይኖር የነበረ ጀርመን ተወላጅ የሥነ ልቡና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሥራ ቦታ ብዙዎች ተባብረው አንድን ሰው የሚያሳድዱበትን ሁኔታ አጥንቶ ነበር። ወፎች ተሰብስበው አንዱን ለማባረር የሚያደርጉትን ለመግለጽ ይውል የነበረውን «ሞቢንግ» የሚል ቃል ለዚሁ ተጠቀመበት። መለኪያ ሲያወጣም ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ቢያንስ ለስድስት ወር የቀጠለ መሆን አለበት አለ። እኔን የገረመኝ ግን መለኪያው ሳይሆን ስለ ምክንያቱ ያለው ነው። ተጎጂውን «ጠባዩ አስቸጋሪ ስለሆነ ነው» የሚለውን የተለመደ ማብራሪያ አልተቀበለም። ምክንያቱን በሥራው አደረጃጀትና በአመራሩ ውስጥ ፈለገው፤ የማን ኃላፊነት የት እንደሚያበቃ የማይታወቅበት ሥራ፣ ጠብ ሲነሣ ዐይቶ እንዳላየ የሚያልፍ አለቃ። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1993 ይህን የሚመለከት የሥራ ደኅንነት መመሪያ አውጥታለች። ሶዶ ላይ ያየሁት ስድስት ወር አልሞላም፤ «እስኪ እናያለን» የሚለው ቃል ግን ከሌይማን ዝርዝር የወጣ ይመስል ነበር።

ይህ ዓለማዊ ትምህርት ነው የሚል ቢኖር ትንቢተ ዳንኤልን ምዕራፍ ስድስትን እንደገና ያንብብ። የአንበሶቹን ጉድጓድ ስለምንወድ ከዚያ በፊት ያለውን መሥሪያ ቤት እንዘልለዋለን። ዳርዮስ መቶ ሃያ መሳፍንት ሾመ፤ በእነርሱ ላይ ሦስት አለቆች አኖረ፤ ዳንኤል ከሦስቱ አንዱ ነበር። ሌሎቹ በእርሱ ላይ ሰበብ መፈለግ የጀመሩት መቼ ነው? ንጉሡ በመንግሥቱ ሁሉ ላይ ሊሾመው ባሰበ ጊዜ ነው (ዳን. 6፥1-4)። ገና አልተሾመም፤ የተሰማው ሐሳቡ ነው። በዛሬ ቋንቋ የመዋቅር ወሬ ነው! መጀመሪያ የፈለጉት የሥራ ጉድለት ነበር፤ ሰነድ አገላበጡ፣ አላገኙም። ስለዚህ ወደ ጸሎቱ ዞሩ። እኛ ታሪኩን የሃይማኖት ስደት አድርገን እንተርከዋለን፤ ልክ ነው፣ ፍጻሜው እንደዚያ ነው። መነሻው ግን የሥራ ቦታ ሽኩቻ ነበር፤ ሃይማኖቱ ሰበብ ሆኖ የተገኘው ሌላ ሰበብ ሲጠፋ ነው። ሁሉም ነገር በሕግ መሠረት መደረጉንም ልብ በሉ። ትእዛዝ ተረቀቀ፣ ተጻፈ፣ በንጉሥ ተፈረመ። በዳንኤል ላይ ድንጋይ ያነሣ የለም። ደብዳቤ ጻፉ።

ሳኦል ደግሞ ሌላውን ወገን ያሳየናል፤ ሥልጣን ያለውም እንደሚፈራ። ዳዊት ከሳኦል ላይ አንድ ነገር አልወሰደም፤ ጠላቱን ድል ነሣለት፣ በበገናም አጽናናው። ሴቶቹ ሁለቱን በዘፈን ካነጻጸሩበት ቀን ጀምሮ ግን ንጉሡ ዳዊትን በክፉ ዐይን ይመለከተው ጀመር (1 ሳሙ. 18፥7-9)። ብቃት ያለው ወጣት ሠራተኛ ሲመጣለት ደስ ሊለው ሲገባ የሚጨነቅ አለቃ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ሥልጠና ሲመጣ ሌላ ይልካል፤ ጽሑፉን በራሱ ስም ያቀርባል። ሠራተኞችን በየስብሰባው እያነጻጸሩ ማወደስም የሚያስከትለው ይኸው ነው፤ ዘፋኞቹ ሴቶች በዳዊት ላይ ክፉ አላሰቡም ነበር።

ስብሰባ ካልሁ አይቀር፣ ስለ ግምገማ ጥቂት ልበል። በደርግ ዘመን «ሂስና ግለ ሂስ» ይባል ነበር፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ኢሕአዴግ ከትጥቅ ትግሉ ይዞት የመጣው «ግምገማ» በየመሥሪያ ቤቱ ገባ። አባቶቻችንና እናቶቻችን በነዚህ መድረኮች ላይ ተቀምጠው ነው የኖሩት። በመጀመሪያ ሐሳቡ መልካም ሊሆን ይችላል፤ ጉድለትን በግልጽ መነጋገር የሚጠላ አይደለም። ያስተማረን ልማድ ግን ሌላ ነው። ለመዳን የሚቀድም ሰው ይድናል፤ አንተ ሳትናገርበት እርሱ ይናገርብሃል። ስለዚህ በየኪሱ የባልደረባውን ስሕተት በቀንና በሰዓት መዝግቦ የሚዞር ሠራተኛ ተፈጠረ፤ ማስታወሻ ደብተሩ መሣሪያው ነው። በንስሐ ሰው ስለ ራሱ ለአንድ አባት በምሥጢር ይናገራል። እዚያ ስለ ሌላው በብዙዎች ፊት ይናገራል። ሁለቱን የምናደርግ እኛው አንድ ሰዎች ነን፤ አንዱ ሌላውን ሳይነካው ሠላሳና አርባ ዓመት የኖሩ ምእመናንን አውቃለሁ። ንስሐ ገብተው ጾም ስለ መሻራቸው ይናገራሉ፤ ስለ ጻፉት ጥቆማ አይናገሩም። ኃጢአት መሆኑን ክደው አይመስለኝም። «ሥራ» በሚል ሌላ መዝገብ ውስጥ ስላስቀመጡት ነው።

ሕጉም ቢሆን እዚህ ድረስ እጁ አይደርስም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ የሚፈጸም ወሲባዊ ትንኮሳንና ጥቃትን ይከለክላል፤ አሠሪው ሰብአዊ ክብሩን የሚነካ ድርጊት ለፈጸመበት ሠራተኛም ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን እንዲያቋርጥ መንገድ ይሰጠዋል። የመንግሥት ሠራተኛው በሌላ አዋጅ ይተዳደራል። በዚያው በ2011 ዓ.ም. ሰኔ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በጄኔቫ በሥራ ዓለም የሚደርስ ጥቃትንና ትንኮሳን የሚመለከተውን ስምምነት ቁጥር 190 አጽድቋል። እነዚህ ታላላቅ ነገሮች ናቸው፤ በተለይ እኅቶቻችን ሊያውቋቸው ይገባል። ነገር ግን ቡና ላይ አለመጥራት በየትኛው አንቀጽ ይከሰሳል?

አሁን ወደ ጀመርሁት ልመለስ።

ጊፋታ ደረሰ፤ ሰንጋው ተገዝቶ ታረደ፤ ሥጋው በስድስት መደብ ተከፋፈለ። መዝገብ ቤቷም ድርሻቸውን ወሰዱ፤ ተመራረቁም። በሳምንቱ ያ ምእመን ወንድሜ አንድ ወረቀት ይዞ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። በእርሳቸው ላይ ለኃላፊው የሚቀርብ አቤቱታ ነበር፤ ግልባጩ ለሦስት ክፍሎች። በእጅ የተጻፈ፣ የተደነቃቀፈ ነው። «አንተ ጽሑፍ ትችላለህ፤ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነህ፤ እስኪ አስተካክለህ ተይብልን» አለኝ።

ተየብሁት። መተየብ ብቻ አይደለም። «ፋይል ይጠፋባታል» የሚለውን «የመንግሥትን ሰነድ በተደጋጋሚ ለብክነት የዳረገ ቸልተኝነት» አልሁት። «ኮምፒውተር አትችልም» የሚለውን «ከዘመኑ አሠራር ጋር ራሳቸውን ለማጣጣም ፈቃደኛ ባለመሆናቸው» አልሁት፤ አክብሮት እንዲታይበት አንቱ አልኋቸው። ፋይሉ ከማን መሳቢያ እንደ ተገኘ አውቅ ነበር። ሦስተኛውን አንቀጽ ስጨርስ የዐረፍተ ነገሩ አወራረድ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን ለመናገር እስከ ዛሬ አፍሬአለሁ። ለምን እንዳደረግሁት ስጠይቅ የማገኘው መልስ ከእርሱ አይለይም። የልምምድ ምዘና ቅጼ ላይ ነጥብ የሚሞላልኝ እርሱ ነበር። እኔም ፈርቼ ነበር።

አምስቱ ፈረሙ። እኔ ሠራተኛ ስላልሆንሁ ፊርማ አልተጠየቅሁም፤ ስለዚህ ነገሩ የማይመለከተኝ መሰለኝ። በዚያው እሑድ በቅዳሴ ቆምሁ። ምእመናን እርስ በርሳቸው የሰላም ሰላምታ እንዲሰጣጡ የሚያውጀው ዲያቆኑ እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። አወጅሁ። ድምፄም አልተንቀጠቀጠም።

የተንቀጠቀጥሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ መዝገብ ቤቷ በግቢው ጀርባ ወዳለው ዕቃ ግምጃ ቤት ሲዛወሩ። ዕቃቸውን በአንድ ካርቶን ይዘው ሲያልፉ ከወንበሩ የተነሣ አልነበረም፤ እኔም አልተነሣሁም። መዋቅሩ ግን እስከ ዛሬ አልመጣም። የታጠፈ መደብ የለም።

ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው። የጠበቅሁት ስግደትና ጸሎት ነበር፤ እርሱንም ሰጡኝ። ከዚያ በፊት ግን «ልጄ፣ እርሳቸውስ ይህን ያውቃሉ?» ብለው ጠየቁኝ። «አያውቁም» አልሁ። «እንግዲያስ መጀመሪያ ወደዚያ ሂድ» አሉኝ። መባን በመሠዊያው ፊት ትቶ ወደ ወንድም ስለ መሄድ የተነገረውን (ማቴ. 5፥23-24) ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ለተጣላ ሰው የተነገረ ይመስለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ከማንም ጋር አልተጣላሁም።

ልምምዴ ሊያበቃ አራት ቀን ሲቀረው ሄድሁ። ዕቃ ግምጃ ቤቱ ጨለም ያለ ነው፤ የወረቀትና የአይጥ ሽታ አለው። «ዲያቆን፣ ግባ» አሉኝ፤ ካርቶን አንሥተው ወንበር አስለቀቁልኝ። የተለማመድሁት ንግግር ነበረኝ፤ ከአፌ የወጣው «ያን ደብዳቤ የጻፍሁት እኔ ነኝ» የሚል ብቻ ሆነ። ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም የአምስቱን ፊርማ እንዳዩ፣ አምስቱንም ለዓመታት እንደሚያውቋቸው፣ ከአምስቱ እንደዚያ ያለ አማርኛ የሚጽፍ እንደሌለ ነገሩኝ። «ሦስተኛውን አንቀጽ ደጋግሜ አነበብሁት። ያምራል» አሉ። በቍጣ አልነበረም፤ ለዚያ ነው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ ያልጠፋው።

ይቅርታ ስጠይቅ አልመለሱልኝም። በሩ ላይ ሻይ የምታዞረዋ ልጅ ብቅ አለች፤ በእጇ ሁለት ብርጭቆ ይዛለች። ቀኑ ዓርብ ነበር፤ ገና አራት ሰዓት። አንዱን ተቀበሏትና ሌላውን እንድትመልሰው በእጃቸው አመለከቷት።

«የእርሱ ሰዓቱ አልደረሰም» አሏት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።